የልጅ አደራና የመንግሥት ዓይን

ገንዘቡን በአደራ የሚያስቀምጥ ሰው ተቀባዩ የታመነ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ምስክር ይቆጥራል፤ ደረሰኝም ይቀበላል። ከገንዘብ ሁሉ የሚበልጠው የልጅ አደራ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ የማለዳ ሰላምታ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እናት ወደ ሥራዋ ለመድረስ ትቸኩላለች፤ ተቀባይቱም በመልካም ፊት ትቀበላታለች፤ በሩም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን ነገር የሚናገር አንደበት የለም፤ ሕፃኑ ገና አፉን አልፈታምና። ስለዚህ በብዙ አገር የሌላውን ሰው ልጅ በቤታቸው በዋጋ የሚጠብቁ ሰዎች አስቀድመው ከመንግሥት ፈቃድ እንዲቀበሉ፥ ቤታቸውም በየጊዜው እንዲመረመር በሕግ ታዟል። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው የዚህን ሕግ ምክንያትና አሠራር ነው።

ሕጉ የተወለደው ከኀዘን ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ድኾች እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ለሌሎች ሴቶች በገንዘብ እየሰጡ ያሳድጉ ነበር። ከተቀባዮቹም መካከል ቅን የሆኑ ብዙዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን ገንዘቡን ተቀብለው ሕፃኑን በረኃብና በሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠፉት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. ማርጋሬት ዎተርስ የተባለች ሴት በሎንዶን ከተማ በዚህ በደል ተፈርዶባት በስቅላት ተቀጣች። የእንግሊዝ ፓርላማም ነገሩን ከመረመረ በኋላ በ1872 ዓ.ም. የሕፃናትን ሕይወት ለመጠበቅ ሕግ አወጣ። ይኸውም ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሕፃናትን ከአንድ ቀንና ሌሊት ለበለጠ ጊዜ በዋጋ የሚያሳድግ ሰው ቤቱን እንዲያስመዘግብ፥ የሕፃናቱንም ስም በመዝገብ እንዲጽፍ፥ ከነሱም አንዱ ቢሞት የአሟሟትን ምክንያት ለሚመረምረው ሹም እንዲያስታውቅ የሚያዝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሕጉን የተቃወሙት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ለሴቶች መብት ከቆሙት መካከል አንዳንዶቹ መንግሥት በእናት ሥልጣንና በድኻ ሴት ጓዳ መግባት አይገባውም ሲሉ ተከራክረዋል። ደግሞም ሕጉ በቀን ብቻ የሚጠበቁትን ሕፃናት አልነካም። ሕፃናትን በቤታቸው በቀን የሚጠብቁ ሰዎች በእንግሊዝ አገር እንዲመዘገቡ የታዘዘው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉም 76 ዓመት አልፏል። ከዚህ እንደምንረዳው የቤት ደጃፍ ለሕግ ቶሎ የሚከፈት አይደለም።

በአሜሪካ አገር ይህ ሥራ በያንዳንዱ ግዛት ሕግ ይመራል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሕፃናት ጥበቃ ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉትን ግዛቶች በአንድ መሠረት ላይ አቁሟቸዋል። በዚህም ሕግ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ቤቱ ስለ ጤና፥ ስለ ደኅንነትና ስለ እሳት አደጋ ይመረመራል፤ ከዚያም በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው ቀኑን ሳያስታውቅ ይመጣል። የጠባቂይቱና ከርሷ ጋር በቤቱ የሚኖሩት 18 ዓመት የሞላቸው ሰዎች የወንጀል ታሪክ በጣት አሻራ ጭምር ይመረመራል፤ የቤቱም ምርመራ ውጤት ማንም ወላጅ እንዲያነበው በኢንተርኔት ይገለጣል። ተቆጣጣሪው ቀን የማያስታውቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀጠሮ የተነገረው ቤት ለእንግዳ እንደ ተሰናዳ ቤት ነው፤ ሕፃናቱ ግን የሚውሉት በተሰናዳው ቀን ብቻ አይደለም።

ከሕጉ ክፍሎች ሁሉ ለመቀበል የሚያስቸግረው የቍጥር ነገር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የሜሪላንድ ግዛት ሕግ በተመዘገበ ቤት ውስጥ ከ8 የበለጡ ሕፃናት እንዳይጠበቁ ያዛል፤ ጠባቂይቱም ብቻዋን ከሆነች ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ከ2 መብለጥ የለባቸውም፤ የራሷም ትናንሽ ልጆች በቍጥሩ ይገባሉ። የጎረቤቱ የቨርጂኒያ ግዛት ደግሞ እንደ ሚዛን ያለ ዘዴ አበጅቷል። እስከ 15 ወር ድረስ ያለው ሕፃን 4 ነጥብ፥ ከ16 እስከ 23 ወር ያለው 3፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው 2፥ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው 1 ነጥብ ይቆጠራል፤ አንዲትም ጠባቂ ብቻዋን ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አይፈቀድላትም። ስለዚህ ሁሉም ጨቅላዎች ቢሆኑ የምትይዘው አራቱን ብቻ ነው። ይህ ቍጥር የሴቲቱን ደግነት የሚለካ አይደለም። ቤቱ ጢስ ቢሞላው መራመድ የማይችሉትን ሕፃናት ተሸክማ ለማውጣት ያላት ክንድ ሁለት ብቻ መሆኑን የሚያስታውስ ነው እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ራሱ ነው። ተቆጣጣሪው የጢስ ማስጠንቀቂያው የሚጮህ መሆኑን፥ የመውጫው በር ያልታገደ መሆኑን፥ መድኃኒትና የልብስ ማጠቢያ ከሕፃን እጅ የራቀ መሆኑን፥ የደረጃውም አፍ መዝጊያ ያለው መሆኑን ይመለከታል። የቧንቧውም ውኃ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀቱ 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ለዐዋቂ ሰው እንኳ በስድስት ሰኮንድ ውስጥ ብርቱ ቃጠሎ ያመጣል፤ 49 ዲግሪ ሲሆን ግን ለዚያው ጉዳት አምስት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል፤ የሕፃን ገላ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሳሳ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የዕቃዎችን ደኅንነት የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቤት ውኃ ማሞቂያ ከ49 ዲግሪ እንዳያልፍ ይመክራል። ይኸው መሥሪያ ቤት አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚወርደው የሕፃን አልጋ ሕፃናትን እያነቀ ስለ ገደለ በ2011 ዓ.ም. እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕፃናት በዋጋ የሚጠበቁባቸውም ቤቶች እስከ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ አሮጌውን አልጋ እንዲለውጡ ታዝዘዋል። አልጋው በዓይን ሲታይ ያማረና የጠነከረ ይመስል ነበር፤ አደጋውን ያወቀው የብዙ ቤት ኀዘን በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ ያየ ሰው ነው። የምርመራም ጥቅሙ ይህ ነው፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ሙሉ የማታየውን ነገር ከሌሎች መከራ ተምሮ ወደ ቤቷ ያመጣላታል።

ስለ ሕፃናት አስተኛኘት የተገኘው ትምህርት ከሁሉ ይበልጣል። በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በጀርባቸው እንዲተኙ ለሕዝብ ሁሉ ተሰበከ። ከዚህ በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፍ ላይ የሚሞቱት ሕፃናት ቍጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ደግሞ በእናቱ ቤት በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን በጠባቂው ቤት በሆዱ ቢያስተኙት አደጋው ይብስበታል። ስለዚህ እናትና ጠባቂ በዚህ ነገር አንድ ቃል መሆን አለባቸው። በሕፃኑም አልጋ ውስጥ ትራስ፥ ወፍራም ልብስ ወይም መጫወቻ መኖር የለበትም።

በዋሺንግቶን ከተማ ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በዚያ አገር ቋንቋ «ዴይኬር» በሚባለው ሥራም ቤታቸውን ከፍተው የሚተዳደሩ የሀገራችን ሴቶች አሉ። ከነዚህ አንዲቱን በአሳብ እንመልከት። ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ያበቃች ሴት ናት። ተቆጣጣሪዋ በድንገት በመጣች ቀን አንዱ ጨቅላ በአልጋው ላይ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል፤ ለቡናም የተሰናዳው ከሰል በምድጃው ላይ ግሏል። ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። ሴቲቱም በልቧ እጅግ አዘነች፤ «ስንቱን በዚህ ጋቢ ያሳደግሁ እኔ ጥፋተኛ ተባልሁ» አለች። ኀዘኗ አይፈረድበትም፤ ጋቢው የፍቅር ምልክት ነውና። ነገር ግን ጋቢው ፊቱ ላይ ቢወጣበት ጨቅላው በእጁ ሊያነሣው አይችልም፤ የከሰሉም ጢስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ፍቅር ብቻውን ይህን አያይም። ዕውቀት የተጨመረበት ፍቅር ግን ጋቢውን አንሥቶ ለሕፃኑ ሞቅ ያለ የእንቅልፍ ልብስ ያለብሰዋል፤ ቡናውንም ሕፃናቱ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ያፈላል።

በሌላው ሳምንት ደግሞ አንዲት የሀገሯ ልጅ ጨቅላ ታቅፋ መጥታ፥ «እትዬ፥ ለጥቂት ቀን ብቻ ይያዙልኝ፤ ሥራዬን ላጣ ነው» ብላ ለመነቻት እንበል። ቍጥሩ ግን ሞልቷል። እምቢ ማለት በባህላችን ከባድ ነገር ነው። ቢሆንም ሴቲቱ፥ «ልጅሽ ልጄ ነው፤ እጄ ግን ሁለት ብቻ ነው» ብላ ቦታ ወዳለው ወደ ሌላ የታወቀ ቤት ብትመራት፥ ለወላጆቹ ሁሉ የገባችውን ቃል ጠበቀች ማለት ነው። ስለ ይሉኝታ ብላ ብትቀበል ግን ፈቃዷን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተቀበለቻቸውን ሕፃናት ደኅንነት ጭምር ለአደጋ ትሰጣለች።

ለተቆጣጣሪውም የሚነገር ቃል አለ። ሥልጣን ይዞ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ሹም ትሕትና ያስፈልገዋል። የሚያዝዘውን ነገር ምክንያቱን ካላስረዳ፥ ትንሹን ጉድለት ከትልቁ ካልለየ፥ ለማረምም ጊዜ ካልሰጠ፥ ጠባቂዎቹ ይሸሹታል። የፈቃዱም ወጪ የከበደ፥ መንገዱም የረዘመ ከሆነ ብዙ ቤቶች በስውር ይሠራሉ፤ በስውር ቤት ያለውን ሕፃን ደግሞ ማንም አያየውም። ስለዚህ ጥሩ ምርመራ የሚባለው ብዙ ቤት የዘጋው አይደለም፤ ብዙ ቤት ያቀናው ነው እንጂ።

ወላጆችም ሥራውን ሁሉ ለመንግሥት መተው የለባቸውም። ፈቃዱን አሳዩን ማለት ስድብ አይደለም፤ ታማኝ ጠባቂም በግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ታሳያለች። ሕፃናቱ ስንት እንደ ሆኑ መቍጠር፥ የት እንደሚተኙ መመልከት፥ የምርመራውን ጽሑፍ ማንበብ፥ አንዳንድ ቀንም ሳይናገሩ ብቅ ማለት የወላጅ መብት ነው።

ይህ ነገር ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በሀገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። እናት ከቤቷ ወጥታ በምትሠራበት ዘመን ልጅን በሌላ እጅ ማዋል የማይቀር ነውና፥ አደራ ተቀባዩ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በመኖሪያ ቤት ቢሆን ጥያቄው አንድ ነው፤ ስንት ሕፃን ለስንት እጅ? በሩስ ወዴት ይከፈታል? አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ጉዳዩን በሥልጣኑ የያዘ ሹም ይህን ቢያስብ፥ ሕፃኑ አፉን ፈትቶ ከመናገሩ በፊት ስለ እርሱ የሚናገርለት ሰው አገኘ ማለት ነው።