ከመቂ ወደ ዝቋላ፦ ዋናው ጉዞ የሚጀመረው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው

ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከመቂ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የዝቋላ ተራራ ከሜዳው መካከል ብቻውን ጎልቶ ይታያል። ቀጥታው ርቀት ከ45 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ አዋሽ ወንዝ በመካከል ስላለ የተለመደው የመኪና መንገድ ቀጥታውን አይከተልም። መጀመሪያ ከመቂ ወደ ሞጆ፣ ከዚያ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ ያመራና ከቢሾፍቱ እንደገና ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ተራራው ግርጌ ይደርሳል። በዓይን ቅርብ የሆነው ቦታ በመኪና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

በተራራው አናት ላይ የሚገኘው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ብዙ ሕዝብ ያስተናግዳል። ከኦርቶዶክስ ምእመናን ሌላ የአባቶቹን ልማድ ተከትሎ ዋቃን ለማመስገን ወደ ተራራው የሚወጣ የኦሮሞ ሕዝብም አለ። ከመቂ ዙሪያ ለሚነሳው ገበሬ በዓሉ ስለት የሚያደርስበት፣ ከዘመድ የሚገናኝበት ቀን ነው። በመሆኑም አባሎቹ በደህና ሄደው በደህና እንዲመለሱ ማሰብ ለአንድ የገበሬ ማኅበር መሪ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

እስከ ቢሾፍቱ ቀላል ነው

ከመቂ አውቶቡስ መናኸሪያ ወደ ሞጆ የሚሄድ መኪና ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። መንገዱ በዓለም ጤናና በቆቃ አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የራሱ መኪና ያለው ወይም መኪና የተከራየ ደግሞ ከሞጆ እስከ ባቱ በተሠራው የፍጥነት መንገድ ሊጠቀም ይችላል። ከሞጆ ቢሾፍቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዚህ መስመር ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ጧት በ12 ሰዓት ከመቂ የተነሳ ሰው ረፋዱ ላይ ቢሾፍቱ ይደርሳል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ተራራው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አስፋልቱን የለመደ ተሳፋሪ በዚህ ቁጥር መታለል የለበትም። መኪናው በመጀመሪያ የሚያደርሰው በተራራው ግርጌ ወዳለችው ወንበር ማርያም ነው። በአዘቦት ቀን ወደዚያ የሚሄድ መኪና ጥቂት ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ደግሞ መኪናው ቢበዛም ተሳፋሪው ከመኪናው ይበልጣል። ከወንበር ማርያም ወደ ላይ ያለውን ዳገት ጉልበት ያለው መኪና ይወጣዋል። በእግሩ የሚወጣ ሰው ግን ሁለት ሦስት ሰዓት መያዝ ይኖርበታል።

የተራራው ከፍታ 2,989 ሜትር ሲሆን መቂ ያለችው በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ቀን ከስምጥ ሸለቆ ሙቀት ተነስቶ ይህን ያህል መውጣት ለልብ ሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሸመገለ ሰው ይከብዳል። ሌሊቱም በዚያ ከፍታ ላይ ብርቱ ብርድ ነው። ቆላውን ለምዶ በነጠላ ብቻ የሄደ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራልና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መያዝ ግድ ነው።

ሁለት በዓል፣ ሁለት ዓይነት መንገድ

የጥቅምቱና የመጋቢቱ ጉዞ አንድ አይደሉም። በጥቅምት ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። በአድአ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ጎማ ይውጣል። አዋሽም ገና ሙሉ ስለሆነ ቀጥታውን በእግር አቋርጣለሁ ብሎ ወደ ወንዙ መግባት ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

በዚሁ ወቅት የአካባቢው ጤፍ ገና በማሳ ላይ ነው። ብዙ መንገደኛ በአቋራጭ ሲያልፍበት ጤፉ ይተኛል፤ አንዴ በእግር የተረገጠ ጤፍ ደግሞ እንደገና ቀና ብሎ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም። የራሱ ሽንኩርትና ቲማቲም እንዳይረገጥበት አጥር የሚያጥር የመቂ ገበሬ የሌላው ገበሬ የዓመት ጉሮሮ በእግሩ ሥር መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።

አቋራጭ በዳገቱም ላይ ጉዳት ያመጣል። ተጠማዞ የሚወጣውን መንገድ ትቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የእግር መንገድ በክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ጎርፉ በየዓመቱ አፈሩን እየጠረገ ሲሄድ መጀመሪያ ቀጭን የነበረችው መንገድ ቦረቦር ትሆናለች። እርከን ሠርቶ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለማስረዳት መምህር አያስፈልገውም፤ ለተከታዮቹ መንገር ግን ይጠበቅበታል።

በመጋቢት ጭቃው ቀርቶ አቧራው ይነሳል። መኪና እንደ ልብ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሣሩና ቅጠሉ ደርቆ እሳት የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በዝቋላ ደን ላይ በተነሳው ቃጠሎ ከአካባቢውና ከአዲስ አበባ የሄደ ብዙ ሕዝብ እሳቱን ለማጥፋት ተረባርቧል። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ በአንድ ቀን የተቃጠለው በአንድ ትውልድ ላይተካ ይችላል። ስለዚህ በደኑ ውስጥ ለቡና እሳት ከማንደድ ይልቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል። የሚለኮስ ጧፍም ከደረቅ ሣር መራቅ አለበት።

አይሱዙው ለቲማቲም ነው

በመቂ ዙሪያ በበዓል ሰሞን በቀላሉ የሚገኘው መኪና አትክልት የሚያመላልሰው አይሱዙ ነው። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ጭነት መኪና ላይ ቆመው የሚሄዱበት ልማድ በብዙ ቦታ ይታያል። ዋጋው ይረክሳል፤ አደጋው ግን ከባድ ነው።

የቲማቲም ሣጥን በገመድ ታስሮ በቦታው ይቆያል። ቆሞ የሚሄድ ሰው ግን መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚገኝ መኪናው በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ይተዋል። ደህና ሾፌር ዳገቱን በወጣበት ከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሲመሽም አይወርድም።

ማኅበሩ አስቀድሞ ቢመክር ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። የሚሄዱትን ሰዎች ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት መዝግቦ፣ ገንዘቡን በአንድ እጅ ሰብስቦ፣ መቀመጫ ያለው መኪና ለደርሶ መልስ መከራየት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚጎዳው መመለሻ ሳይዝ በመሄዱ ነው። በዓሉ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርዳልና የቀረ ሰው በተገኘው መኪና ላይ ይንጠለጠላል።

ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ መጠየቅም ይገባል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ መነኮሳት መገደላቸው የሚታወስ ነው። ስለሆነም ከወረዳው አስተዳደርና ከገዳሙ ሰዎች የዕለቱን ሁኔታ ሳይጠይቁ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ መነሳት አይገባም።

በመጨረሻም ከአባሎች ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው ማን በመኪና እስከ ላይ ይውጣ በሚለው ላይ ነው። ወጣቱ ከወንበር ማርያም በእግሩ ቢወጣ አይጎዳም። በመኪናው ውስጥ ያለው መቀመጫ ጉልበታቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ቢተው ለዓመታት ተራራውን ከመቂ ሆነው ሲያዩ የኖሩት ስለታቸውን ለማድረስ ይበቃሉ። ይህን ማደላደል ደግሞ በበዓሉ ዕለት በመናኸሪያ ግፊያ መካከል አይቻልም፤ ዛሬ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።