የማይቈጠር ግጥሚያ

የአውሮፓ የእግር ኳስ ቡድኖች የዓመቱ ውድድር ከመከፈቱ በፊት ሰውነታቸውን ለማፍታታት የሚያደርጉት ግጥሚያ «የወዳጅነት ጨዋታ» ይባላል። በዚህ ጨዋታ ያሸነፈ ነጥብ አያገኝም፤ የተሸነፈም ነጥብ አይጐድልበትም።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው «የዓለም አቀፍ ሻምፒዮኖች ዋንጫ» ግን ይህንኑ ጨዋታ ዋንጫ አበጅቶለት ወደ አሜሪካ ገበያ አወጣው። ሕዝቡም ጐረፈ። ኦገስት 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በሚሺጋን ስታዲየም የእንግሊዙ ማንቸስተር ዩናይትድ የእስፓኙን ሪያል ማድሪድ 3 ለ 1 ሲረታ 109,318 ተመልካች ተገኘ። በ1984 ዓ.ም. ፈረንሳይና ብራዚል በካሊፎርኒያ ለኦሊምፒክ ወርቅ ሲጋጠሙ የተገኘው 101,799 ነበር። ወርቅ ካለበት ይልቅ የሌለበት በለጠ!

ሆኖም ነጥቡ አይቈጠር እንጂ አደጋው እውነተኛ ነው። ጁላይ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. በዋሽንግተን አጠገብ ማድሪድ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት፥ ማርኮ አሴንሲዮ የተባለው የ23 ዓመት ወጣት ከዕረፍት በኋላ ገብቶ አንድ ግብ አገባ። ጥቂት ቈይቶም የግራ ጕልበቱ ጅማት ተበጠሰና በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት። ያን ግብ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ጕልበቱ ግን አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከሜዳ አራቀው። ጁን 18 ቀን 2020 ዓ.ም. ከቫለንሲያ ጋር በተደረገው የሊግ ግጥሚያ ተቀይሮ ሲገባ፥ ኳሷን ገና በመጀመሪያ ሲነካት ግብ አደረጋት።

በዚያው ዓመት የሻምፒዮኖቹ ዋንጫ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተሰረዘ፤ የወንዶቹም ውድድር ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።