የእጅ ስልክና የሰው ምስጢር

የታሸገ ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ ፖስታውን ቀድዶ በሰው ፊት እንዲያነብብ ቢታዘዝ ቅር እንደሚለው የታወቀ ነው። ዛሬ ደብዳቤው፣ የሒሳብ መዝገቡ፣ የቤተ ዘመድ ፎቶግራፉና የገንዘብ ቦርሳው ሁሉ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ከቦኬ ወደ ጭሮ ጫት የሚልክ ነጋዴ እናስብ። በቴሌብር የተቀበለው ገንዘብ፣ ያበደራቸው ደንበኞች ስም፣ ባለቤቱ ስለ ልጃቸው ሕመም የላከችለት መልእክት፣ ሁሉም እዚያው ነው። እንግዲህ በኬላ ላይ ፖሊስ «ስልክህን ከፍተህ ስጠኝ» ቢለው፣ የተፈተሸው ኪሱ ነው ወይስ ቤቱ?

ሕጋችን መልሱን ከሰጠ ቆይቷል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሰው ከብርበራ እንዲጠበቅ፣ በፖስታም ሆነ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ያዝዛል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የብርበራ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት እንዲወጣ፣ የሚፈለገውም ነገር በትእዛዙ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍ አድርጓል።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበር ተፈቅዶ ነበር። ምዕራብ ሐረርጌም በአዋጁ ሥር ነበረ። አዋጁ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች አዋጆች ወጥተው ተነሥተዋል። አዋጅ ሲነሣ ሥልጣኑም አብሮ ይነሣል። ልማድ ግን በቀን ተቈርጦ አይነሣምና አደጋው እዚህ ላይ ነው።

«ታዲያ ወንጀለኛ በስልክ ሲመካከር ፖሊስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» የሚል ይኖራል። አይቀመጥ፤ ምክንያቱን ለዳኛ ያስረዳና ፈቃድ ይጠይቅ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ የፈረዱት ይህንኑ ነው። የተያዘ ሰው ስልክ እንኳ ያለ ትእዛዝ አይበረበርም፤ ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ሲደርስ ብቻ ለይተው ትተዋል።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ማለትም መልስ አይሆንም። ንጹሕ ሰውም በሩን ዘግቶ ይተኛል።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ተማሪ ብትሆን ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም የፖሊስ መኰንን ትሆን ይሆናል። ያን ጊዜ ከፊትህ የሚቆመው ገበሬ አንቀጹን በቃሉ ላያውቀው ይችላል። አንተ ግን ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ ስልኩን ከመክፈትህ በፊት «ትእዛዙ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ የአንተ ፈንታ ነው።