ቤትን ማደስ፦ በገዛ እጅ ወይስ በባለሙያ?

ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ በብዙ ቤቶች ተመሳሳይ ሥራ ይጀመራል። ዝናብ ሲያርሰው የከረመው ግድግዳ ተሰነጣጥቆ፣ ልስኑ ረግፎ፣ ጣራውም አንድ ሁለት ቦታ ላይ ሲያፈስ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ባለቤት «ይህን ሥራ እኔው ራሴ ልሥራው ወይስ ባለሙያ ልጥራ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም መልሱ ከኪስ ይልቅ በሥራው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው።

በቅድሚያ ማንኛውም ትጉህ ሰው ሊሠራው የሚችለውን እንመልከት። የጭቃ ቤት ምርጊት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ተለውሶ በእግር ይረገጣል፤ ጭዱ እስኪለሰልስም ለጥቂት ቀናት እየታሸ ይቆያል። ጭድ የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭዱ ግን እንደ ክር ሆኖ ስለሚያያይዘው ስንጥቁ ሰፍቶ ግድግዳውን አይከፍለውም። የመጀመሪያው ምርጊት በሚገባ ሳይደርቅ ልስን ከተደረበበት፣ የታችኛው ጭቃ ቆይቶ ሲኮማተር የላይኛውን ይዞት ይረግፋል። እንግዲህ የዚህ ሥራ ዋና ጥበብ ትዕግሥት ነው። በገጠር ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ቤቱን ሲመርግ፣ ባለቤቱ ምግብና ጠላ ያቀርባል፤ ነገ ደግሞ በተራው የሌላውን ይመርጋል። ይህ ብቻን መሥራትም ባለሙያ መቅጠርም ያልሆነ ሦስተኛ መንገድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ልስን ቢበላሽ ተፍቆ እንደገና ይለሰናል፤ የጠፋው ጊዜና ጉልበት ብቻ ነው። ግድግዳን ኖራ መቀባትም እንደዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲጨመርበት በኃይል ስለሚፈላ፣ ወደ ዓይን ቢረጭ ብርሃን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

ስለ ጣራ ግን ከራሴ ልጀምር። አንድ ዓመት ቆርቆሮው ሲያፈስብኝ ገንዘብ ላተርፍ ብዬ መሰላል አቁሜ ወጣሁና፣ ሚስማሩ በቀላሉ ስለገባልኝ በቆርቆሮው ስርጉድ ስርጉድ ላይ እየመታሁ ወረድሁ። በቀጣዩ ክረምት ቀድሞ በአንድ ቦታ ያፈስ የነበረው ቤት በስድስት ቦታ አፈሰሰ፤ የአቡጀዲው ኮርኒስም ውሃ አዝሎ በመጻሕፍቴ ላይ ወረደ። የተጠሩት አዛውንት አናጢ ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ውሃ የሚሄደው በሸለቆ ነው፤ አንተ ደግሞ ሸለቆውን በሳኸው» አሉኝ። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ያውም ውሃ የሚከለክል ጎማ ተደርጎበት። እርሳቸው በአንድ ጧት የጨረሱት ሥራ እኔን አንድ ቅዳሜ፣ ጥቂት መጻሕፍትና ብዙ ኀፍረት አስከፍሎኛል።

ከዚህ የሚከብደው የቤቱን ክብደት የተሸከመውን ክፍል መንካት ነው። በጭቃ ቤት ጣራውን የተሸከሙት ቋሚዎቹ ናቸው፤ ጭቃው ንፋስና ብርድ ከመከልከል ያለፈ ሸክም የለበትም። መስኮት አሰፋለሁ ብሎ ቋሚ የሚቆርጥ ሰው ጣራውን ያላንዳች ድጋፍ ያስቀረዋል። የኮንክሪት ምሰሶ በሌለው የብሎኬት ቤት ደግሞ ተሸካሚው ግድግዳው ራሱ ነው። የትኛው ግድግዳ ተሸካሚ እንደሆነ፣ የትኛውም ክፍል መለያ ብቻ እንደሆነ በዓይን ግምት መለየት ያዳግታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ የከፈላቸው የሁሉም አደጋ እኩል ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ከማፍረስ በፊት መሐንዲስን ማማከርና የአካባቢውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ ያሻል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይብሳል፤ በእርሱ ቤት የተቆረጠ ቧንቧ የሚያፈሰው በታችኛው ጎረቤት ራስ ላይ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ግን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ምጣዱ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ 3,500ን ለ220 ስናካፍል 16 አምፔር ገደማ እናገኛለን። ባለ 60 ዋት አምፖል ግን 0.3 አምፔር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንድ ምጣድ ከሃምሳ የሚበልጡ አምፖሎችን ያህል ይስባል ማለት ነው። በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን፣ የሽቦው ሙቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ የምጣድ ሶኬት የሚገጥም ሰው ሥራው የተሳካለት ይመስለዋል። ምጣዱ ይግላል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። በግድግዳው ውስጥ ግን ሽቦው በየጋገራው ቀን ይሞቃል፤ ልባሱ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፤ አንድ ቀን ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። በዙሪያው ያለው ደረቅ እንጨት ነው።

ፊውዝ ሲቃጠልባቸው በቦታው ወፍራም ሽቦ የሚያስሩም አይጠፉም። ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው፤ እርሱን ማሰር ዘበኛን አስሮ እንደ መተኛት ይቆጠራል። በሰው ደረት በኩል የሚያልፍ 0.03 አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሕይወትን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ካወቅን፣ አንዲት አምፖል የምትወስደው ከዚያ ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ሊያስገርመን ይገባል። አምፖል መለወጥ የማንም ሥራ ነው፤ አዲስ መስመር መዘርጋት ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ባለሙያ መጥራት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በብዙ ቦታ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ይናቁ የነበረበት ልማድ ርዝራዡ ስላለ፣ ዛሬም ሠራተኛን በርካሽነቱ ብቻ እንጂ በችሎታው የማይመርጥ ሰው ብዙ ነው። ፈቃዱን ወይም የብቃት ማረጋገጫውን መጠየቅ፣ ቀድሞ የሠራበትን ቤት ሄዶ ማየት ነውር አይደለም። የሥራው ዓይነት፣ ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የሚያልቅበትም ቀን በውል ይጻፍ። ክፍያውም ቀብድ ተሰጥቶ የቀረው ሥራው እየታየ ይከፈል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት በነበረው ቀን ባለቤቱ ከሥራ ቦታው ባይርቅ መልካም ነው፤ የሽቦውንና የቧንቧውን መንገድ በወረቀት ላይ ሊነድፍ የሚችለው ያን ዕለት ብቻ ነውና።