ክፍያው ሲነሳ ጠረጴዛው ደጅ ወጣ

አነስተኛ ሬስቶራንት አለችዎት እንበል። የቤት ኪራዩ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው ደመወዝ ይጠብቃል፤ በሩ ግን ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. ከማርች 16 ቀን 2020 ምሽት ጀምሮ በኒው ዮርክ ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ባለቤቶችን የገጠማቸው ይኸው ነው። በኮቪድ 19 ምክንያት ምግብና መጠጥ ጠቅልሎ ከመሸጥ ወይም ቤት ድረስ ከመላክ በቀር እንግዳ ማስቀመጥ ተከለከለ።

ቫይረሱ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ የመተላለፍ ዕድሉ እንደሚቀንስ ሲታወቅ፣ የሁሉም ዓይን ወደ ደጅ ዞረ። እንቅፋቱ ፈቃዱ ነበር። በእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛ ለመዘርጋት ማመልከቻ፣ የአካባቢ ቦርድ አስተያየት፣ ወራት የሚፈጅ ጥበቃና በቦታው ስፋት የሚሰላ ክፍያ ነበረ። ገቢው ለተቋረጠበት ሰው ይህ የማይታሰብ ነው።

ከጁን 22 ቀን 2020 ጀምሮ ይህ ሁሉ ተነሳ። ባለቤቱ ቅጹን በኢንተርኔት ይሞላል፣ ደንቡን እንደሚያከብር ራሱ ያረጋግጣል፤ ክፍያ የለም። የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር መመገቢያ ሆነ። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤትም ቢራውንና ወይኑን እዚያው ማቅረብ ቻለ፤ በጁላይ ግን የኒው ዮርክ ግዛት ያለ ምግብ መጠጥ እንዳይሸጥ አዘዘ። ከ10,000 በላይ ቤቶች ተመዘገቡ። ከተረፈላቸው ገንዘብ ይልቅ የጠቀማቸው የተረፈው ጊዜ ነበር፤ ወራት ቢጠብቁ ኖሮ በጋው ባለፈባቸው ነበር።

ሆኖም ባለቤቱ ያልከፈለውን ሌላ ሰው ከፍሎታል። ፎቅ ላይ ሕፃን ለምታስተኛ እናት የምሽቱ ጫጫታ፣ ጋሪ ለሚገፋ አባት የጠበበው መንገድ፣ ለሰፈሩ ደግሞ ከወለሉ ሥር የሚርመሰመሰው አይጥ ዕዳ ሆነ።

በ2023 የወጣው ሕግ ክፍያውን መለሰ። ለአራት ዓመት ፈቃድ 1,050 ዶላር ይከፈላል፤ በስፋቱና በአካባቢው የሚሰላ ዓመታዊ ክፍያም አለው። ሕጉ በመኪና መንገድ ላይ ማስተናገድ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በየዓመቱ መትከልና ማፍረስ የከበዳቸው ብዙዎች ትተውታል።

በክፉ ቀን ክፍያ ማንሳት ቤት ያድናል። ግን ሲነሳ ማብቂያው ቀን አብሮ ቢነገር፣ ጎረቤትም ቢጠየቅ መልካም ነው። እርስዎም ደጅ ተቀምጠው ብርጭቆዎን ሲያነሱ፣ ከላይ ያለውን መስኮት አንዴ ቀና ብለው ይመልከቱ።