የእስጳንያ ወይን ጠጅና የእናታችን መሬት

ባለፈው የትንሣኤ በዓል በእስጳንያ፣ ዛሬ ስፔን በምንላት አገር የሚኖረው የእኅታችን ልጅ አያቱን ለመጠየቅ ወደ ወረታ መጥቶ ነበር። ለእርሳቸው ሹራብ፣ ለእኛም አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ አመጣልን። በጠርሙሱ ላይ ሪዮሐ የሚል የአገር ስም፣ ከሥሩም ሬሴርቫ የሚል ቃል ተጽፎበታል። እኛ ዕድሜያችንን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ስለ ሆንን የተጻፈን ነገር ሳንመረምር ማለፍ አይሆንልንምና ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቅነው። እርሱም ብዙ ነገር አጫወተን። ዳሩ ግን ጨዋታው ከመጠጥ አልፎ ወደ መሬት ስለ ደረሰ፣ በየቤቱ እንዲህ ያለ ክርክር የሚገጥማችሁ አንባቢዎቻችን እንድታነቡት ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሪዮሐ በእስጳንያ ሰሜን፣ ኤብሮ የተባለው ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ የሚገኝ አገር ነው። ከውቅያኖስ የሚነሣውን ብርድና ዝናብ በሰሜን በኩል የቆመው ተራራ ይመክትለታል። ከሚተከለው የወይን ዓይነት ዋናው ቴምፕራኒዮ ይባላል፤ ይህም ቀድሞ የሚደርስ እንደ ማለት ነው። ፍሬው ተለቅሞ ከተጨመቀ በኋላ ጭማቂው ከነቅርፊቱ ይብላላል፤ ቀይ መልኩንም የሚያገኘው ከዚሁ ቅርፊት ነው። ከዚያም ከበሉጥ ዛፍ፣ ፈረንጆች ኦክ ከሚሉት እንጨት በተሠራ 225 ሊትር በሚይዝ በርሜል ይገባል። ሬሴርቫ የሚባለው ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት በበርሜል ያሳለፈ ነው። ከእርሱ በታች ያለው ክሪያንሳ 2 ዓመት፣ ከሁሉ በላይ ያለው ግራን ሬሴርቫ 5 ዓመት ይቆያል። ይህንንም የሚቈጣጠር ሸንጎ ከ1926 ጀምሮ ስላለ ማንም እንደ ወደደ ጽፎ ሊለጥፍ አይችልም፤ በጠርሙሱ ጀርባ የሸንጎው ማኅተም አለበት። ማኅተሙን ስናይ፣ አንባቢ አይታዘበንና፣ ከወይኑ ይልቅ ደስ ያሰኘን እርሱ ነው።

እናታችን የበርሜሉን ነገር ሲሰሙ ሣቁ። «እኛስ ጋኑን በወይራ የምናጥነው ለምን ይመስልሃል?» አሉት። ነገሩም እውነት ነው። የበርሜል ሠሪዎች ጣውላውን የሚያጐብጡት በእሳት እያሞቁ ነው፤ ውስጡንም ጥቂት ይለበልቡታል። ከዚህም የተነሣ እንጨቱ ቫኒላ የሚመስል ሽታ፣ የቅመምና የጢስ ጣዕም ለወይኑ ይሰጣል። በሪዮሐ በብዛት የተለመደው ከአሜሪካ የመጣ በሉጥ ነው፤ የፈረንሳይም አለ። ጋናችንና በርሜላቸው የሚለያዩበት ነገር ግን አለ። የእኛ ጠላ ታጥኖ፣ ተጠንስሶ፣ በጥቂት ቀን ይጠጣል። የእነርሱ ወይን በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ በእንጨቱ ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት አየር እየገባለት ምላስ የሚያደርቀው ኃይሉ ይለዝባል፤ በዚያው ልክ ከወይኑም ተንኖ የሚጐድል አለ። በየጊዜውም አተላው እየቀረ ከበርሜል ወደ በርሜል ይገለበጣል። ይህ ሁሉ የሰው ጕልበትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ገንዘቡ ታስሮ መቀመጡንም መርሳት አይገባም።

የሪዮሐ ሰዎች ይህን ጥበብ ያጠነከሩት ከ1850ዎቹ ጀምሮ ከፈረንሳይ አገር ከቦርዶ ተምረው ነው። ቀጥሎም ፊሎክሴራ የተባለች ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየበላች ባጠፋች ጊዜ፣ የፈረንሳይ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ወደ ሪዮሐ ጐረፉ፤ አገሩም በለጸገ። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተባዩ ወደ እነርሱም ደረሰ። የዳኑትም ነፍሳቱን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የራሳቸውን ቅርንጫፍ አዳቅለው ነው።

ስለ ወይን ስናወራ ግን ባዕድ ነገር እንደምናወራ ሊመስለን አይገባም። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ይፋግ፣ ካሮዳም፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በዚህ ያለፉ ተጓዦች የወይን ተክል ያለባቸው ስፍራዎች መሆናቸውን ጽፈዋል። እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የምናውቀው ወይን ዘቢብ ነበረ። ዲያቆኑ ዘቢቡን አጥቦ፣ ዘፍዝፎ፣ አሽቶ ሲያጠልል በቤተ ልሔም ደጅ ቆመን እናይ ነበር። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ የዘቢብ ወይን አይቶ ጽፏል።

እንግዲህ ልጁ በጣና ዳር ወይን ነበር የሚለውን በሰማ ጊዜ ዓይኑ በራ። እናታችን ከይፋግ ወዲህ ባለው ተዳፋት ላይ ጥቂት ጥማድ መሬት አላቸውና፣ «እምዬ፣ ያንን ወይን ብንተክልበትስ?» አላቸው። የአዋሽን የወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ በዝዋይም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያለማውን ተክል እየጠቀሰ ተከራከረ። እውነትም ካስቴል በዝዋይ ተክሎ፣ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ፣ በ2014 ወይኑን ለገበያ አውጥቷል።

በፎገራ ሜዳ ላይ እንትከል ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ሜዳው ዋልካ ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል፤ የወይን ሥር ደግሞ ውኃ የተኛበትን አፈር አይወድም። ለዚያ መሬት ሩዝ ተስማማው። ሩዝም ራሱ በደርግ ዘመን ሲመጣ የተሣቀበት እህል ነበረ፤ ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው በዚሁ በወረታ ነው። ልጁም ይህን አስታወሰን፤ መልስ አጣን። ተዳፋቱ ውኃ ያሳልፋል። ሆኖም በእስጳንያ ክረምቱ በረዶ ስለ ሆነ ወይኑ በራሱ ጊዜ ያንቀላፋል፤ በእኛ አገር በረዶ ስለሌለ ፍሬው በበጋ እንዲደርስ ጊዜውን ጠብቆ መግረዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ያሻግተዋል። ይህን የሚያውቅ ገራዥ በአቅራቢያችን የለም።

አጎታችን መሪጌታ ከጽዋው ቀምሰው «ጢስ ጢስ ይላል፤ ክፉ ግን አይደለም» ካሉ በኋላ «ዝንጀሮውንስ ማን ይጠብቃል?» ብለው ጠየቁ። እኛም በበኩላችን መሬት እንደማይሸጥ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩም በእናታችን ስም ብቻ እንደ ሆነ፣ እርሱም በሩቅ አገር ተቀምጦ ሊያርሰው እንደማይችል አስረዳን። የእናታችን ጥያቄ ግን ከሁላችን የከበደ ሆነ። «ወይኑ የሚጠቅም ፍሬ እስኪሰጥ ስንት ዓመት ነው?» አሉ። ልጁ «ሦስት ዓመት ያህል» አለ። «እኩል አራሻችን በዚያ መሬት 11 ዓመት ጤፍና ሽምብራ ሲዘራ ኖሯል። አምስት ልጆች አሉት። ሦስቱን ዓመት ምን ይብሉ? አንተ ከዚያ ትልክላቸዋለህ?»

ልጁ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም «እልካለሁ ብዬ ብዋሽ ይከፋል፣ እምዬ» አለ። ይህን በማለቱ አከበርነው።

በማግሥቱ እኩል አራሹ ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ በላይኛው ድንበር፣ ካቡ ሥር፣ ማረሻ የማይገባበት ድንጋያማ ስፍራ እንዳለ ነገረን፤ ሃያ ችግኝ ቢተከልበት እህሉን አይነካም አለ። ጥበቃውን ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ሊያዩት ይችላሉ፤ ፍሬ ከያዘ ግን እንደ ጤፉ እኩል እንዲሆንለት ጠየቀ። እናታችንም እሺ አሉ። እኛ ውሉን በሁለት ቅጅ ጽፈን ሁለቱንም አስፈረምናቸው፤ መሪጌታ ምስክር ሆኑ። ልጁ ለችግኙና ለካቡ መጠገኛ የሚሆን ገንዘብ ትቶ ሄደ።

ባዶውን ጠርሙስ እናታችን አጥበው የኑግ ዘይት አስቀመጡበት።