የትንሽ ጀልባ ወለል፦ ኮምፔንሳቶን ስለ መምረጥና ከውኃ ስለ መጠበቅ

በጣናና በሌሎች ሐይቆቻችን ላይ ከደንገል ታንኳ ጎን ለጎን በእንጨት፣ በብረትና በፋይበርግላስ የተሠሩ ትንንሽ ጀልባዎች ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ፤ ዓሣም ይጠመድባቸዋል። የእንደዚህ ያሉትን ጀልባዎች ወለል ከኮምፔንሳቶ መሥራት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ወለሉ ከላይ ቀለሙ እያማረ ከታች ሊበሰብስ ይችላል። የቤት ወለል ቢሰበር ጉዳቱ ከአንድ እግር አያልፍ ይሆናል፤ በሐይቅ መካከል ግን ወለሉ የከዳው ተሳፋሪ ሲንገዳገድ ጀልባዋን ከነሰዎቿ ሊገለብጣት ይችላል። ስለዚህ የእጅ ሥራ መምህራን ጉዳዩን ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር አያይዘው ቢያስተምሩት ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሀ. ኮምፔንሳቶና ውኃ

ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ልጦች በኮላ ተጣብቀው የሚሠራ ገበታ ነው። የልጦቹ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር፥ ይኸውም 3፣ 5 ወይም 7 ሲሆን የአንዱ ልጥ ጅማት ከሚቀጥለው ጋር መስቀለኛ ሆኖ ይነጠፋል። እንጨት ውኃ ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፥ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። በዚህም ምክንያት ልጦቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ገበታው እንዳይጣመም ያደርጋሉ።

ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ያመላለሰባቸው ጥቃቅን ቧንቧዎች በገበታው ጠርዝ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይገኛሉ። ስለዚህ ውኃ ከፊቱ ይልቅ በጠርዙና በብሎን ቀዳዳዎች በኩል እጅግ ፈጥኖ ይገባል። የሚያበሰብሱት ፈንገሶች የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሊያድጉ አይችሉም። የሥራው ሁሉ ዓላማ እርጥበቱን ከዚህ በታች ማቆየት ነው።

ለ. አመራረጥ

በመጀመሪያ የሚታየው ኮላው ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆነው ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ በዩሪያ ፎርማልዲሃይድ የተጣበቀ ስለሆነ እርጥበት ሲበዛበት ይላቀቃል። በፌኖል ፎርማልዲሃይድ የተጣበቀው ግን ውኃን ይችላል። ይሁንና ውኃ የሚችል ኮላ ማለት የማይበሰብስ እንጨት ማለት አይደለም።

የሻጩ ቃል ብቻ ስለማይበቃ 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ለጥቂት ሰዓታት ቀቅሎ ማድረቅ ይጠቅማል። ልጦቹ ከተላቀቁ ገበታው ለጀልባ አይሆንም። የፋብሪካ ጥብቅ ፈተና 72 ሰዓት መቀቀልን ስለሚጠይቅ፥ የእኛ ሙከራ መጥፎውን ለመለየት እንጂ ጥሩውን ለማረጋገጥ አይበቃም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ተማሪዎች ምክንያቱን ቢጠየቁ መልካም ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን ዙሪያውን መመልከት ነው። በልጦቹ መካከል ክፍተት ያለበት ገበታ ውኃ ያጠራቅማል፥ ሲረገጥም ይሰበራል። ውፍረቱን በተመለከተ ተሸካሚ እንጨቶቹ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተደረደሩ 9 ሚሊ ሜትር፥ እስከ 40 ከራቁ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ለትንሽ ጀልባ ይበቃል።

ሐ. ከውኃ የመጠበቁ ሥራ

1ኛ. መቁረጥና መብሳት አስቀድሞ ይፈጸም። ከተቀባ በኋላ የሚበሳ ቀዳዳ ሁሉ ለውኃ አዲስ በር ነው።

2ኛ. ገበታው በሚገባ ይድረቅ፥ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፥ አቧራውም ይጠረግ። እርጥብ ሆኖ ቢቀባ ውኃውን አስሮ ማስቀመጥ ይሆናል።

3ኛ. ሁለቱም ፊትና አራቱም ጠርዝ ኢፖክሲ ይቀቡ፤ ፊቱ 2 ጊዜ፥ ጠርዙ ግን መጠጣቱን እስኪያቆም። ሙጫውና ማጠንከሪያው አምራቹ ባዘዘው መጠን ይለኩ። ማጠንከሪያ ማብዛት ሥራውን ያበላሻል እንጂ አያፋጥንም። ጓንት ይደረግ፥ ቦታውም አየር የሚገባበት ይሁን።

4ኛ. የሚቀባው ሙቀት በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት እንጨቱ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በመውጣት ቅቡን በአረፋ ይበሳሳዋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ቅቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

5ኛ. የብሎን ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳ፥ በኢፖክሲ ይሞላ፥ ከደረቀም በኋላ በመካከሉ እንደገና ይበሳ። ብሎኑ ዝገት የማይዘው ይሁን።

6ኛ. ፀሐይ ኢፖክሲን ስለምታዳክም በላዩ ቀለም ይቀባ። ቀለሙ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ቢነሰነስበት እግር አያንሸራትትም።

ኢፖክሲ በማይገኝበት የዘይት ቀለም በመጀመሪያ በአኳራጅ ቀጥኖ፥ ከዚያም ወፍሮ ቢቀባ ይረዳል፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት። በማናቸውም ሁኔታ ወለሉ በቀላሉ የሚነሣ ይሁን፤ ከሥሩ የገባው ውኃ የሚቀዳውና አየር የሚያገኘው ያን ጊዜ ነውና።

መ. ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ከአንድ ገበታ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ቁራጮች ይዘጋጁ። አንዱ ሳይቀባ ይተው፥ የሁለተኛው ፊቶች ብቻ፥ የሦስተኛው ግን ፊቱም ጠርዙም ይቀባ። ቅቡ ከደረቀ በኋላ ሦስቱም ይመዘኑ፥ ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፈቁ፥ ተጠርገውም እንደገና ይመዘኑ። ተማሪዎች የክብደቱን ጭማሪ በመቶኛ ያስሉ። ሁለተኛው ቁራጭ ከሦስተኛው ምን ያህል ውኃ አብልጦ እንደ ጠጣ ሲያዩ፥ የጀልባ ወለል ሲሠሩ ጠርዙን መዝለል እንደማይገባ በራሳቸው ሚዛን ያረጋግጣሉ።